ሃይድሮጅንን በዲዩቴሪየም መተካት፦ ከሰዓቱ በፊት አተሙን ይቁጠሩ

የሃይድሮጅንና የዲዩቴሪየም ልውውጥ ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ላፍላው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። ሰዓቱና ሙቀቱ የሚወስኑት ልውውጡ ማቆሚያው ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስ ነው። ማቆሚያው የት እንደሆነ የሚወስነው ግን ፍላስኩ ውስጥ ያሉት፣ ሊለዋወጡ የሚችሉት የሃይድሮጅንና የዲዩቴሪየም አተሞች ብዛት ነው። ይህን ያልለየ ሰው 95 በመቶ ላይ የቆመ አጸግብሮት ሲያፈላ ቀናት ይፈጃል፤ ውሃውን ቢለውጥ ኖሮ በማግስቱ ይጨርስ ነበር። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከማሞቂያው ሳይሆን ከወረቀትና ከእርሳስ ነው። ምሳሌያችን አሴቶፌኖን የተባለው ኬቶን ይሆናል፤ በቀላሉ የሚገኝ፣ ባሕርዩ በደንብ የታወቀ፣ ውጤቱም በኤንኤምአር ያለ ብዙ ድካም የሚነበብ ነውና።

ስለ ዲዩቴሪየም ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አስኳሉ ውስጥ ከፕሮቶኑ ጋር አንድ ኒውትሮን የያዘ የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ነው፤ በ1931 ሃሮልድ ዩሪና ባልደረቦቹ አገኙት፣ ዩሪም በ1934 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከ6,400 ገደማ የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ እሱ ነው። ጨረር አያመነጭም፤ ጨረር የሚያመነጨው ሁለት ኒውትሮን ያለው ወንድሙ ትሪቲየም ነው፤ ሁለቱን አምታትቶ ከባድ ውሃን የሚፈራ ሰው አሁንም አይጠፋም። ለእጅ ሥራ የሚጠቅመው ልዩነት ሌላ ነው፦ ከባድ ውሃ በ3.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፣ በ101.4 ዲግሪ ይፈላል፣ አንድ ሚሊ ሊትሩም 1.107 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር በኋላ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው እርምጃ የትኛው ሃይድሮጅን እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር መለየት ነው። የሞለኪውሉን ሥዕል ወረቀት ላይ ያውጡና እያንዳንዱን ሃይድሮጅን በአሲድነቱ ይመድቡ። ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር የተያያዙት፣ ማለትም የአልኮል፣ የፌኖል፣ የካርቦክሲሊክ አሲድና የአሚን ሃይድሮጅኖች፣ ከባድ ውሃ እንደነካቸው ያለ ምንም ቤዝ ይለዋወጣሉ። ይህ ለምርመራ ጥሩ ነው፤ ኤንኤምአር ቱቦ ውስጥ ሁለት ጠብታ ከባድ ውሃ ጨምረው ቢነቀንቁና አንድ ፒክ ቢጠፋ፣ ያ ፒክ የእነዚህ የአንዱ እንደነበር ያውቃሉ። ለዘላቂ ምልክት ግን አይሆንም፤ በቀላሉ የመጣ ዲዩቴሪየም የአየሩ እርጥበት ሲነካው በዚያው ቀላልነት ይሄዳል። በሌላው ጫፍ የቤንዚን ቀለበት ሃይድሮጅኖችና ከኤሌክትሮን ሳቢ ቡድን ርቀው ያሉ የሜቲል ሃይድሮጅኖች አሉ፤ እነዚህ በቤዝና በውሃ ብቻ ከቦታቸው አይነቃነቁም። መካከል ላይ ያሉት ከካርቦኒል ቀጥሎ ያለው ካርቦን የያዛቸው ናቸው። አሴቶፌኖን ስምንት ሃይድሮጅን አለው፦ ሦስቱ በዚያ ሜቲል ላይ፣ አምስቱ ቀለበቱ ላይ። የሜቲሉ ፒኬኤ በውሃ ውስጥ 18 ገደማ ሲሆን የቤንዚን ከ40 በላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ነው ሦስቱን ብቻ መርጠን እንድንለውጥ የሚያስችለን። ቤዙ ከሜቲሉ አንድ ፕሮቶን ይነጥቃል፣ ኢኖሌት ይፈጠራል፣ ኢኖሌቱም በአቅራቢያው ካለው ውሃ ዲዩቴሪየም ወስዶ ኬቶን ሆኖ ይመለሳል። ከውሃው የሚመጣው ሃይድሮጅን ሆኖ ሲገኝ ግን እሱንም ሳይመርጥ ይወስዳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን እንቁጠር። 1.20 ግራም አሴቶፌኖን 10 ሚሊሞል ነው፤ ሦስት ሦስት ተለዋዋጭ ሃይድሮጅን ስላለው 30 ሚሊሞል ሃይድሮጅን ይዞ ይገባል። 5 ሚሊ ሊትር ከባድ ውሃ 276 ሚሊሞል ያህል ነው፤ ሁለት ሁለት አተም ስላለው 553 ሚሊሞል ቦታ አለው። ጠርሙሱ ላይ 99.9 በመቶ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ውሃው ራሱ 0.55 ሚሊሞል ሃይድሮጅን ይዞ ይመጣል። ድምሩ 30.55 ሚሊሞል ሃይድሮጅን በ583 ቦታዎች ላይ ይበተናል ማለት ነው፤ ይህም 5.2 በመቶ ነው። ስለዚህ ሜቲሉ 94.8 በመቶ ላይ ይቆማል፤ አንድ ሌሊት ቢፈላም አንድ ወር ቢፈላም ያው ነው። ታዲያ ውሃውን እጥፍ ብናደርገውስ? በ10 ሚሊ ሊትር ስሌቱ 97.3 በመቶ ይመጣል። ያንኑ 10 ሚሊ ሊትር ግን ለሁለት ከፍለን፣ በመጀመሪያው 5 ሠርተን ካፈሰስነው በኋላ ሁለተኛውን 5 ብንጨምር፣ ኬቶኑ ወደ ሁለተኛው ዙር ይዞ የሚገባው ሃይድሮጅን 1.57 ሚሊሞል ብቻ ነው፤ መጨረሻው 99.6 በመቶ ይሆናል። ልብስ የሚያለቀልቅ ሰው በአንድ ሙሉ ባልዲ አንዴ ከማለቅለቅ በግማሽ ግማሹ ሁለቴ ማለቅለቅ ሳሙናውን ይበልጥ እንደሚያስለቅቅ ሳይነገረው ያውቃል፤ ስሌቱ ከዚያ አይለይም። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ደግሞ በአተም ሲታይ ነው። ሦስቱም ቦታዎቹ ዲዩቴሪየም የሆኑለትን ሞለኪውል ብንቆጥር፣ በአንዱ ትልቅ ዙር 92 በመቶ ሲሆን በሁለቱ ትናንሽ ዙሮች 99 በመቶ ይደርሳል፤ የፈሰሰው ከባድ ውሃ ግን እኩል ነው። ከባድ ውሃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ለሚገባበት ቤተ ሙከራ ይህ ተራ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወማል፦ «ስሌቱ ሃይድሮጅንና ዲዩቴሪየም ለሁሉም ቦታ እኩል ፍላጎት እንዳላቸው ይገምታል፤ አይሶቶፖች ግን እኩል አይደሉም።» እውነት ነው፤ እንዲያውም ከባድ ውሃ በኢንዱስትሪ የሚመረተው በዚሁ እኩል ባልሆነ ፍላጎት ነው። በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝና በውሃ መካከል በሚደረገው ልውውጥ ዲዩቴሪየም ወደ ውሃው ያደላል፤ ማድላቱ በ30 ዲግሪ 2.3 ገደማ እጥፍ፣ በ130 ዲግሪ 1.8 ገደማ እጥፍ ነው፤ ፋብሪካው የሚኖረው በዚያች ልዩነት ላይ ነው። ከኦክስጅን ወደ ካርቦን በሚደረገው የእኛ ልውውጥ ግን ማድላቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ትክክለኛው መጨረሻ ከስሌቱ በጥቂቱ ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል እንጂ 95ን 70 አያደርገውም። ከዚህ የተለየው ሌላው የአይሶቶፕ ተጽዕኖ ፍጥነት ላይ ያለው ነው፤ ከካርቦን ጋር የተሳሰረ ዲዩቴሪየምን መንቀል ሃይድሮጅንን ከመንቀል በተለመደው ሙቀት እስከ ሰባት እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ጉዞውን ያዘገየዋል፣ መድረሻውን ግን አያዛውረውም። ሁለቱን ተጽዕኖዎች አንድ አድርጎ ማየት የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ፍላስኩን፣ ኮንደንሰሩንና የማማሰያውን ማግኔት በማድረቂያ ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ አድርቀው ሳይከፈት ያቀዝቅዙ። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፣ ሁዱ ሥር ይሥሩ። ቤዙ 1 ሚሊሞል ፖታሲየም ካርቦኔት ይሁን፣ ማለትም 138 ሚሊግራም፤ ውሃ የሌለበት ዓይነት መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ይህ ለጥንቃቄ ያህል የተጻፈ ምክር እንዳይመስልዎ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ሃይድሬት ሆኖ ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊሞል አንድ ተኩል ውሃ ይዟልና 3 ሚሊሞል ሃይድሮጅን ይገባብዎታል። በመጀመሪያው ዙር ከ30ው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ዙር ግን መላው የሃይድሮጅን ድምር 2.1 ሚሊሞል ብቻ ስለሆነ ይህ እንግዳ ከባለቤቱ በልጦ ይገኛል፣ 99.6ውም ወደ 99.1 ይወርዳል። ባይካርቦኔት አይጠቀሙ፤ የራሱን ሃይድሮጅን ይዞ ይመጣል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ ነው፤ ከዚህም በላይ ብርቱ ቤዝ ሁለት የኬቶን ሞለኪውሎችን እርስ በርስ የሚያጣብቀውን የአልዶል አጸግብሮት ያመጣል። በአልዴሃይድ ላይ ከሆነ የሚሠሩት ይህ አደጋ ከልውውጡ ሊቀድም ስለሚችል፣ ቤዙ ካርቦኔትም ቢሆን መጀመሪያ በጥቂቱ ይሞክሩት።

ካርቦኔቱን በ5 ሚሊ ሊትር ከባድ ውሃ ያሟሙና ኬቶኑን ይጨምሩ። አሴቶፌኖን በውሃ ውስጥ ብዙ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሁለት ሽፋን ያያሉ፣ ኬቶኑም ከላይ ይንሳፈፋል። በተራ ውሃ የሠራ ሰው ይህ ሊያስገርመው ይችላል፤ አሴቶፌኖን 1.03 ስለሚመዝን ከተራ ውሃ በታች ይሰጥማል፣ 1.107 በሆነው ከባድ ውሃ ላይ ግን ይንሳፈፋል። ሽፋኖቹን አምታትቶ የጉልበቱን ውጤት የደፋ ሰው ይህን አይረሳም። ልውውጡ የሚካሄደው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታና ውሃው ውስጥ በገባችው ጥቂት ኬቶን ላይ ስለሆነ በብርቱ ማማሰል ያስፈልጋል። ማሟሚያ ልጨምር ካሉ ተለዋዋጭ ሃይድሮጅን የሌለው እንደ ዳይኦክሴን ያለ ይሁን፤ ተራ ኤታኖል ወይም ሜታኖል ከጨመሩ ግን ስሌቱን በገዛ እጅዎ አፈረሱት። ኮንደንሰሩ አናት ላይ የካልሲየም ክሎራይድ ማድረቂያ ቱቦ ያድርጉ፣ ከዚያ ያፍሉ። አንድ ሌሊት ጥሩ መነሻ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ የሚነግርዎ ግን ሰዓቱ አይደለም።

የሚነግርዎ ናሙናው ነው። ሁለት ጠብታ ከላይኛው ሽፋን ወስደው፣ በዲዩቴሪየም በተሠራ ክሎሮፎርም አሟምተው፣ የሃይድሮጅን ኤንኤምአር ያንሱ። የቀለበቱ አምስት ሃይድሮጅኖች ከ7.4 እስከ 8.0 ፒፒኤም መካከል ይታያሉ፤ አይለዋወጡምና መለኪያዎ እነሱ ናቸው፣ ኢንተግራላቸውን 5.00 ያድርጉት። 2.6 ፒፒኤም አካባቢ የነበረው የሜቲል ፒክ ከ3.00 እየወረደ ይመጣል። ቅርጹንም ይመልከቱ፦ መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ ፒክ ነበር፤ ሁለት ዲዩቴሪየም ከገቡ በኋላ የቀረው ብቸኛ ሃይድሮጅን በትንሹ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ባለ አምስት ጥርስ ትንሽ ፒክ ይሆናል። ያ ቅርጽ ከታየ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ጎረቤት ሃይድሮጅን የሌለው ይህ ቀሪ ሃይድሮጅን ከመሣሪያው ምት (ፐልስ) በኋላ ለመረጋጋት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በተለመደው አጭር እረፍት ከለኩት ከእውነቱ ያነሰ ይነበባል፣ እርስዎም ያላገኙትን ንጽሕና ያወራሉ። በየምቱ መካከል ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይስጡት።

ስሌቱን አስቀድመን መሥራታችን የሚጠቅመው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ዙር ማቆሚያ 94.8 በመቶ ከሆነ የሜቲሉ ኢንተግራል 0.16 ገደማ መሆን አለበት። 0.60 ካነበቡ ገና አልደረሰም፤ ሰዓት፣ ሙቀት ወይም የበለጠ ማማሰል ይፈልጋል። 0.16 ካነበቡና ከጥቂት ሰዓት በኋላም ያው ከሆነ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚያፈሉት በከንቱ ነው፣ የሚያስፈልገው አዲስ ውሃ ነው። 0.35 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ያልቆጠሩት ሃይድሮጅን ከአንድ ቦታ ገብቷል፦ ከእርጥብ ካርቦኔት፣ ከእርጥብ ኬቶን፣ ወይም ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የአየሩን እርጥበት ከጠጣ የከባድ ውሃ ጠርሙስ። ስሌት የሌለው ሰው ሦስቱን ንባቦች አይለያቸውም፤ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ነው ያለው፣ እሱም ማፍላት ነው።

ለሁለተኛው ዙር ፍላስኩ ከቀዘቀዘ በኋላ የታችኛውን ውሃ በደረቅ ፒፔት በጥንቃቄ ይምጠጡ። የቀረ 0.2 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊሞል በላይ ሃይድሮጅን ስለሚይዝ እስከ መጨረሻው ጠብታ መታገል ዋጋ አለው። አዲስ ካርቦኔትና አዲስ 5 ሚሊ ሊትር ጨምረው እንደገና ያፍሉ። የሁለተኛው ዙር ውሃ አሁንም 99.6 በመቶ ዲዩቴሪየም ስለሆነ እንዳይደፉት፤ በሚገባ ዘግተው ቢያስቀምጡት ለሚቀጥለው የአሴቶፌኖን ሥራ የመጀመሪያ ዙር ይሆናል፣ ትኩሱ ለሁለተኛው ብቻ ይቀራል። ሲጨርሱ ምርቱን በደረቅ ዳይክሎሮሜቴን ይለዩት፤ ይህ ፈሳሽ ከከባድ ውሃም ስለሚከብድ አሁን ከታች የሚገኘው እሱ ነው። በማግኒዥየም ሰልፌት ያድርቁ፣ ማሟሚያውን ያትኑ። በተራ ውሃ ከቤዝ ጋር አይጠቡ፣ በቤዛዊ አሉሚናም አያጣሩ፤ ያስገባው መንገድ መልሶ ያስወጣዋልና።

«ይህ ሁሉ ለምን? ዘመናዊ ካታሊስት አለ አይደለም?» የሚል ይኖራል። አለ፤ የሮበርት ክራብትሪ የኢሪዲየም ካታሊስት ከዲዩቴሪየም ጋዝ ጋር ሆኖ ቤዝ የማይደርስባቸውን የቀለበት ሃይድሮጅኖች፣ በተለይ ከካርቦኒሉ ጎን ያሉትን ሁለቱን፣ ይለውጣል። ስለዚህ የሚፈልጉት እነዚያን ከሆነ መንገዱ እሱ ነው። ቁጥሩ ግን እዚያም አይምርዎትም። አንድ ሊትር ጋዝ በክፍል ሙቀት 41 ሚሊሞል፣ ማለትም 82 ሚሊሞል ዲዩቴሪየም ነው። ለ10 ሚሊሞል አሴቶፌኖን ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ብንቆጥር 20 ሚሊሞል ይገባል፤ ካታሊስቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በዚያች አንድ ሊትር ጋዝ ከ80 በመቶ አያልፍም። ካታሊስት መንገድ ይከፍታል እንጂ አተም አይፈጥርም።

በሌላ በኩል ከሰው አካል ጋር የሚገናኝ ምልክት የሚፈልግ ሰው የእኛን ሜቲል ባይመርጥ ይሻለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 የፈቀደው የመጀመሪያው ዲዩቴሪየም ያለበት መድኃኒት፣ ዴዩቴትራቤናዚን፣ ስድስቱን ዲዩቴሪየሞች የያዘው ከኦክስጅን ጋር በተያያዙ ሁለት ሜቲሎች ላይ ነው፤ እነዚያ ከውሃ ጋር አይለዋወጡም። ፕሮቲን የሚመረምሩት ደግሞ የሃይድሮጅኑን ተመልሶ መግባት ራሱን እንደ ጠላት ይዋጉታል። የፕሮቲኑን ጀርባ ሃይድሮጅኖች በከባድ ውሃ ከለወጡ በኋላ ናሙናውን ወደ ፒኤች 2.5 እና ወደ 0 ዲግሪ በፍጥነት ያወርዱታል፤ ልውውጡ በጣም የሚዘገየው እዚያ ነውና፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ክብደቱን እስኪያነብ ድረስ ጊዜ ይገዛሉ። እዚህ ላይ ሰዓት መቁጠር ግዴታ ነው፤ የሚለካው መድረሻው ሳይሆን ፍጥነቱ ስለሆነ። በከባድ ውሃ ውስጥ ፒኤች የሚለካ ሰው መሣሪያው በሚያነበው ላይ 0.4 መጨመርን አይርሳ።

ምርትዎን በመጨረሻ በማስ ስፔክትሮሜትር ያረጋግጡ። ያልተነካው አሴቶፌኖን 120 ላይ፣ ሦስት ዲዩቴሪየም ያለው 123 ላይ ይታያል። ዋናው ንባብ በ122 እና በ123 መካከል ያለው ድርሻ ነው፤ 124 ላይ የምትታየዋ ትንሽ ፒክ ግን አራተኛ ዲዩቴሪየም ሳትሆን በተፈጥሮ ያለ ካርቦን 13 ናት። ከዚያ በደረቅ ጠርሙስ ዘግተው፣ ከአሲድና ከቤዝ አርቀው ያስቀምጡት። ጠርሙሱ ላይ የዲዩቴሪየሙን ቦታና መጠን ሲጽፉ በስሌት የጠበቁትን 99.6 ሳይሆን በመሣሪያው ያነበቡትን ቁጥር ከቀኑ ጋር ይጻፉ።